ጆንያው በአደባባይ ሲገለበጥ

ጡረታ የወጣሁት ባለፈው ዓመት ነው። ያየኝ ሰው ሁሉ «በይ እንግዲህ ዕረፊ» ይለኛል፤ ዕረፍት እንዴት እንደሚታረፍ የሚያሳየኝ ግን አላገኘሁም። ጠዋት ግቢዬን እዞራለሁ። ከዚያ ወደ ገበያ እወጣለሁ፣ ሳልገዛ እመለሳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የረሳሁት ነገር ያለ ይመስል እንደገና እወጣለሁ። በርበሬ ተዘርግቶ ካየሁ ማለፍ አይሆንልኝም። አንድ ዛላ አንስቼ ጆሮዬ ሥር አንኮሻኩሸዋለሁ፣ አጥፌ አየዋለሁ፣ አሸተዋለሁ። የቡታጅራ ሻጮች ያውቁኛልና «መጣች ደግሞ!» ይባባላሉ። ትልቋ ልጄ አንድ ቀን ምስር ስለቅም አይታኝ «እማ፣ ምስሩ ስንተኛ ደረጃ ወጣ?» ብላ ሳቀችብኝ። ዝቅ ብዬ ሳየው ሰፌዱ ላይ ያለውን ምስር ሳይታወቀኝ በሦስት ክምር ከፍዬዋለሁ።

ስሜ ራህመት ነው። የሥራ ዘመኔ ያለፈው በገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ በርበሬ ደረጃ ስመድብ ነው። መዳቢ ማለት አባላት ያመጡትን በርበሬ መርምሮ «ይህ አንደኛ ነው፣ ይህ ሁለተኛ ነው» የሚል ሰው ነው፤ ዋጋ የሚቆረጠውም በዚያ ቃል ነው። ቡታጅራ ጀመርኩ፤ ጥቂት ዓመት እምድብር ተመድቤ ማርና ቅቤ ስቀበል ቆየሁ። የእምድብር ሰዎች «አንቺ ማሩንም እንደ በርበሬ ትጠረጥሪዋለሽ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ከዚያ ተመልሼ ቡታጅራ መጣሁና እዚያው ቀረሁ። ስለ ደመወዜ ብዙ የምለው የለኝም፤ ልጆቼን አሳድጎልኛል፣ ከዚያ በላይ አልተረፈም።

ሥራውን ያስተማረኝ ጋሽ ክብሩ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ረጅም፣ ደረቅ ያለ፣ ሳቅ የማያበዛ ሰው ነበር። ጠዋት ሲመጣ ከሁሉ በፊት እጁን በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ያደርቃል፤ እርጥብ እጅ እርጥብ በርበሬን አይለይም ባይ ነው። ጆንያ ሲቀርብለት ላዩን አያይም። «ላዩንማ ባለቤቱ አይቶልሻል» ይለኛል። እጁን እስከ ክርኑ ድረስ ወደ መሃል ይሰድና ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል። ደረቅ በርበሬ መሃሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ውሃ የነካው ግን ይሞቃል፣ ትንሽ ከቆየ እንዲያውም ያተኩሳል። ይህን በእጅ ከማወቅ ሌላ መንገድ የለውም። ወራት ሙሉ የሱን እጅ ተከትዬ የኔን እጅ እያስገባሁ «ሞቀሽ ወይስ ቀዘቀዘሽ?» እያለ ሲፈትነኝ ከረመ።

የጋሽ ክብሩ ትልቁ ደንብ ግን ሸራው ነበር። ግቢው መሃል ትልቅ ሸራ ያስነጥፋል፤ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዙሪያውን ይቆማል፤ ጆንያውን በሰው ፊት ይገለብጥና ደረጃውን ጮክ ብሎ ይናገራል። ከሱ በፊት መዳቢ ቤት ቅቤ ይዞ ያልሄደ ገበሬ በርበሬው አንደኛ አይወጣም ነበር አሉ። «በጓዳ የተመዘነ በጓዳ ይሰረቃል፤ ሁሉም ካየ ማንም አያማሽም» የሚለው ለዚህ ነው። እኔም ከሱ በኋላ ያንን ሸራ አላጠፍኩትም። ብዙ ነገር ተብዬ ይሆናል፤ «ራህመት በላች» ያለኝ ግን የለም። በዚህ እኮራ ነበር፣ አሁንም እኮራለሁ።

ዕድሜዬ ሃምሳን ካለፈ በኋላ የዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ አቶ ንጉሤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት እንደሚዛወር ተሰማ። አቶ ንጉሤ በሌለ ጊዜ ሁሉ ወንበሩን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ማኅተሙን አስይዞኝ ይሄዳል፣ ሲመለስ ይቀበለኛል። አሁን ግን ለቦታው ሁለተኛ ዲግሪ ይጠየቃል ተባለ። ወንበሩን ፈልጌው ነበር፤ አላፍርበትም። ከጡረታ በፊት አንድ ቀን ማኅተሙን ሳልመልስ ቤቴ መግባት አማረኝ። ወልቂጤ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ ኤምቢኤ፣ የንግድ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ማለት ነው፣ የሚያስተምር ኮሌጅ እንዳለ ሰማሁና በሳምንቱ ተመዘገብኩ። ባለቤቴ «አላህ ያግዝሽ» አለኝ፤ ቀጥሎም «ልጆችሽ ሲማሩ አንቺ ታስጠኚያቸው ነበር፤ አሁን ተራው የነሱ ነው» አለ።

ቅዳሜ ማለዳ ከቡታጅራ በሚኒባስ ተነስተን ተራራውን ወጥተን እንወርዳለን። እምድብር ላይ የክፍሌ ልጅ ብርሃኑ ይሳፈራል። ብርሃኑ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነው፣ ዕድሜው ለልጄ የሚቀርብ። ቦርሳዬን አጠገቤ አስቀምጬ ቦታ እይዝለታለሁ፤ እሱ ደግሞ ወልቂጤ እስክንደርስ ስታትስቲክስ ያስረዳኛል። ጉዞው ሲያናውጠን ሁለታችንም እንስታለን። «እትዬ፣ አማካዩን ያዢው፣ አማካዩን እንዳትለቂው!» ሲለኝ ረዳቱ የሚወድቅ ዕቃ መስሎት ይዞር ነበር።

ክፍሉ የባንክ ሠራተኛ፣ የማዘጋጃ ቤት ሰው፣ አስተማሪ፣ ነጋዴ የተሰበሰበበት ነው። መጀመሪያ ሁሉም ነገር አስደነገጠኝ። ኮምፒዩተሩ፣ እንግሊዝኛው፣ ከረባት አስረው ፓወርፖይንት ፊት የሚቆሙት ወጣቶች። ከዚያ ድንጋጤው ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ መቀመጥ የማያስችል ነገር። አንድ ሰሞን ባሕር ማዶ ስላለ የጫማ ፋብሪካ የምንወያይበት ጽሑፍ ተሰጠን፤ ፋብሪካው ከስሯል፣ ሥራ አስኪያጁ ምን ያድርግ? አንዱ የባንክ ልጅ ተነስቶ «ግማሹን ሠራተኛ ያሰናብት» ብሎ ቁጭ አለ። ሳምንቱን ሙሉ አልተዋጠልኝም። ለብርሃኑ «ለመሆኑ የት ሄደው ይበላሉ?» ስለው «እትዬ፣ እነዚህ እኮ በወረቀት ላይ ያሉ ሠራተኞች ናቸው» አለኝ። «በወረቀት ላይ ያለ ሰው ልጅ የለውም?» አልኩት። ሳቀ፤ ግን ጥያቄውን በሚቀጥለው ቅዳሜ ለክፍሉ አነሳልኝ።

ከመምህሮቻችን ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረችው ዶክተር ሀና ናት። ከኔ ብዙ ታንሳለች፤ ስትናገር ግን ጋሽ ክብሩ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር። ተማሪ የጻፈውን ዓረፍተ ነገር ለራሱ ለተማሪው ጮክ ብላ ታነባለች፣ ፊቷ ላይ ምንም ሳይታይ። ከዚያ ወረቀቱን ታስቀምጥና ሁለት ነገር ትጠይቃለች፦ «ማን ነገረዎት? ሲነግርዎት የት ሆኖ ነው?» ሁለተኛው ጥያቄ ለብዙዎቻችን አይገባንም ነበር። አንዴ በቡድን ከሠራን በኋላ እርስ በርሳችን ነጥብ እንድንሰጣጥ አዘዘችን፣ ስም ሳይጻፍ። ሁሉም ለሁሉም ሙሉ ነጥብ ሰጠ። ጉድለት ጻፉ ብትልም «ጥሩ ነው፣ በርቱ» ብቻ ሆነ የተጻፈው። ዶክተር ሀና ወረቀቶቹን ሰብስባ አየቻቸውና «ይህ ክፍል ነው ወይስ ሠርግ ቤት?» አለችን። ሁላችንም ሳቅን። እሷ አልሳቀችም።

የመመረቂያ ጽሑፍ ሲደርስ ርዕሴ ከራሴ ሥራ የወጣ ነበር፤ አባላት በዩኒየኑ አገልግሎት ምን ያህል ይረካሉ? መጠይቅ አዘጋጀሁ። «የደረጃ ምደባው ፍትሐዊ ነው» ይልና ከሥሩ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» አምስት ሳጥን ይደረደራል። በቡታጅራ ዙሪያ ባለው መስቃን ወረዳ ከቀበሌ ቀበሌ በጋሪም በእግርም እየዞርኩ ራሴ አስሞላሁ። ማንበብ ለማይችሉት አነብላቸዋለሁ። የገባሁበት ቤት ሁሉ ደስ ብሎት ተቀበለኝ። ቆጮው በአይብና በጎመን ይቀርባል፣ ቅቤው ይፈስሳል፣ «ብዪ እንጂ!» ይባላል። ከዚያ ወረቀቱን አወጣለሁ። «በጣም እስማማለሁ። ጻፊው፣ ጻፊው። በጣም!» አንዱ ሽማግሌማ «ከዚህ በላይ ሳጥን የለውም?» ብለው ጠየቁኝ።

ውጤቱ ሲደመር ከአንድ ዩኒየን የሚጠበቅ አልነበረም፤ ያማረ ነበር። ዶክተር ሀና ሰንጠረዡን በጣቷ እየተከተለች አየችው። «ሁሉም አምስት? እርስዎ ፊት ተቀምጠው?» አለችኝ።

«የሚያውቁኝ ሰዎች ናቸው፣ ዶክተር። ለምን ይዋሹኛል?»

«የሚያውቁዎት ሰዎች ስለሆኑ ነው የምጠይቅዎት።»

ቅር አለኝ። የከተማ ልጅ ናት፣ ገበሬውን አታውቀውም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አቶ ንጉሤ ግን ውጤቱን ሲሰማ ደስታው ወሰን አጣ። አባላቱ እንዲህ ከወደዱን በርበሬያቸውን በሙሉ ለኛ ያመጣሉ ብሎ አዲስ አበባ ካለ አንድ በርበሬ አዘጋጅ ድርጅት ጋር ትልቅ ውል ተፈራረመ። ቦርዱ ፊት «ይህ የራህመት ጥናት ነው» ብሎ ስሜን ጠራ። ወንበሩ ወደኔ ሲጠጋ በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በርበሬው ደረሰ። ሸራውን አነጠፍን። የመጀመሪያው ሳምንት ጥቂት ጆንያ መጣ፤ ሁለተኛው ከዚያ አነሰ። ከኛ ግቢ ማዶ የነጋዴዎች መኪና በላይ በላዩ እየተጫነ ይወጣል። ሸራው ላይ የሚንጎራደዱት ዶሮዎች ነበሩ። ዋጋ ቀንሰን ይሆናል ብዬ አጣራሁ፤ የኛ ዋጋ ከነጋዴው ይበልጣል። ውሉ ፈረሰ፤ ድርጅቱም ሁለተኛ ስማችንን አልጠራም። ግቢው ውስጥ ከሸራው ዳር እስከ ዳር እየተመላለስኩ ዋልኩ፣ ሲጨልም ዘበኛው ነው ወደ ቤት የሸኘኝ።

ጽሑፌን ለመከላከል የቀረብኩት በዚያው ሰሞን ነው። ከፈታኞቹ አንዱ የአካባቢው ልጅ ነበሩ። ሰንጠረዤን አልነኩትም። «ወይዘሮ ራህመት፣ እንዲህ የረኩ አባላት በርበሬያቸውን የት ወሰዱት?» አሉኝ። ብቻ። እንግሊዝኛውም አማርኛውም ጠፋኝ። ወደቅሁ። እንደገና ሠርቼ እንድቀርብ አንድ ዕድል ተሰጠኝ፤ ያ ካለፈ ዲግሪው የለም፣ ዲግሪው ከሌለ ወንበሩ የለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይኼ ነው። መልስ መንገዱን በሙሉ በሚኒባሱ መስኮት ወደ ውጭ እያየሁ አለቀስኩ። ብርሃኑም እምድብር ላይ ሳይወርድ እስከ ቡታጅራ አብሮኝ መጣ።

ወረቀት ሳልይዝ መስቃን የወረድኩት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። የሄድኩት ዘምዘም ቤት ነው። ዘምዘም ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች ገበሬ ናት። በርበሬዋ የታወቀ ነው፤ በዚያ ዓመት ግን አንድ ጆንያ አላመጣችም። «አሰላሙ ዓለይኩም» ብዬ ገባሁ፤ እንደ ወትሮው ተቀበለችኝ፣ አበላችኝ። ሁለት ሦስቴ ጠየቅኋት።

«ምን በደላችሁን? ወላሂ ምንም የለም። ዩኒየኑ አባታችን ነው» አለች፣ አይቡን እየጨመረችልኝ።

ተስፋ ቆርጬ ተነሳሁ። እንደ አገሩ ደንብ ልትሸኘኝ ወጣች። አጥሩን አለፍን፣ እንሰቱን አለፍን፣ «ተመለሺ በቃ» እያልኳት፣ «ትንሽ ልሂድ» እያለች መንገዱ ላይ ወጣን። ጎን ለጎን ነን፣ ፊቴን አታየውም፣ ፊቷን አላየውም። እንግድነቴ አብቅቷል፣ ቤቷም ከኋላችን ቀርቷል። እዚያ ላይ ቆም አለች።

«ራህመት፣ ልንገርሽ?»

«ንገሪኝ።»

«አምና ልጄን ልድር ስል በርበሬ ይዤ መጣሁ። የልጄ አማቾችም ወረፋ ይዘው ነበር። ጆንያዬን ገለበጥሽው። "ሁለተኛ! ውሃ ነክቶታል!" ብለሽ ጮኽሽ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ውሃ ረጭታ ልትሸጥ መጣች ነው ያሉት። እኔ ሌባ ነኝ?»

«ዘምዘም፣ በርበሬው እኮ ሞቆ ነበር። እውነቴን ነው።»

«እውነትሽን ነው። ጤዛ አግኝቶት ነበር፣ አውቄዋለሁ። ነጋዴውም ያውቀዋል፤ ይቀንስብኛል፣ ካንቺ የባሰ ይቀንስብኛል። ግን ጓዳ አስገብቶ ነው የሚቀንስብኝ።»

ይህን ብላ ተመለሰች። እኔ መንገዱ ላይ ቀረሁ። ምን ተሰማሽ ብትሉኝ ንዴት ነው። ጓዳ! ጋሽ ክብሩ ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ያንን ጓዳ አይደል? ብቻዬን ጮክ ብዬ እየተከራከርኩ አስፋልቱ ጋ ደረስኩ፤ የጋሪ ነጂው እብድ መስዬው ሳይሆን አይቀርም፣ ዋጋም ሳይከራከረኝ ነው የጫነኝ።

ግን ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። ሌላ ቤት ሄድኩ፤ ሲበላ ምንም የለም፣ ሲሸኙኝ ያው ሸራ። ሌላም ቤት፣ ሌላም። ብርሃኑ ለትምህርት ቤት ዕረፍት መጥቶ እኔን በቅርብ በማያውቁኝ ቀበሌዎች ለብቻው ዞረልኝ፤ ለሱም ቢሆን ቃሉ የወጣው በሽኝት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ዘዴዬን ለወጥኩ። ቤት ውስጥ ምንም አልጠይቅም። መንገድ ስንጀምር የተማሪነት ሥራዬ መሆኑን እነግራቸዋለሁ፣ ስም እንደማልጽፍ ቃል እገባለሁ፣ ፈቃዳቸውን ካገኘሁ እጠይቃለሁ፣ የሰማሁትን ከተለያየን በኋላ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ለዶክተር ሀና ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። «እኔ ሁልጊዜ የት ሆኖ ነገረዎት የምለው ለዚህ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ሳቋን አቁማ፣ «ግን ምዕራፍ ሦስት ላይ በደንብ ይጽፉታል። ለምን በሽኝት? ለምን በቤት ውስጥ አይሆንም? አገሩን ለማያውቅ ፈታኝ እንደሚያስረዱ አድርገው» ብላ አባረረችኝ። ያንን ምዕራፍ ስንት ጊዜ እንደመለሰችብኝ አላስታውሰውም።

አቶ ንጉሤ ረቂቁን አንብቦ ቢሮው ጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ በሩን ዘግቶ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ወይዘሮ ራህመት፣ ይህን ጽሑፍ ቦርዱ ያየዋል። "መዳቢዋ" እያሉ ይጽፋሉ። መዳቢዋ ማን እንደሆነች አገር ያውቃል። አባላቱን ያባረረችው መዳቢዋ ናት ብለው በገዛ እጅዎ ጽፈው የሥራ አስኪያጅ ቦታ እንዴት ሊጠይቁ ነው?»

«ታዲያ ምን ልጻፍ?»

«ስለ ገበያ ዋጋ ይጻፉ። ስለ መንገድ፣ ስለ መጋዘን። ይለፉና ዲግሪዎን ይያዙ። ሸራውን በኋላ ወንበሩ ላይ ሆነው ያጥፉት።»

ምክሩ ብልህ ነበር። ሦስት ሳምንት አወጣሁ አወረድኩ። ቡታጅራ ውስጥ ያልሄድኩበት መንገድ አልቀረም። ለእውነት ስል ጻፍኩ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አይደለም፣ እልህ ነው። አንዴ ወድቄያለሁ፤ የጣለኝን ነገር ሳላይ መነሳት አልፈለግሁም። ደግሞ የገበያ ዋጋ ብዬ ብጽፍ ያ ፈታኝ እንደገና «በርበሬው የት ሄደ?» ይሉኛል፣ እኔም መልሱን እያወቅሁ ልዋሻቸው ነው። ረቂቁን አንድ ቃል ሳልነካ አስገባሁት።

ጽሑፌን ለሁለተኛ ጊዜ የምከላከልበት ቀን ሲደርስ ሁለቱን መዳፎቼን ጠረጴዛው ላይ ተጫንኳቸው። ያው ፈታኝ ረጅም ጊዜ ጠየቁኝ። ስለ ዘዴው፣ ስለ ናሙናው፣ ሽኝት ላይ የተነገረ ነገር እንዴት እንደሚታመን። ሁሉንም መለስኩ። በመጨረሻ መነጽራቸውን አወለቁና «ይህችን መዳቢ አነጋግረዋታል? እሷስ ምን ትላለች?» አሉ።

«አነጋግሬያታለሁ፤ እኔ ነኝ» አልኩ። «እሷ ሸራው ሌብነትን አስቀርቷል ትላለች። እኔ ደግሞ ሰዉንም አስቀርቷል እላለሁ። እስካሁን አልተስማማንም።»

ክፍሉ ሳቀ። አለፍኩ። ብርሃኑ ኮሪደሩ ላይ አቅፎ አነሳኝ፤ በዕድሜዬ ሰው ያነሳኝ የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ወንበሩን ግን ለሌላ ሰጡት። ከሌላ ወረዳ የመጣ፣ ትሁት፣ ብልህ ወጣት። ቦርዱ «ለጡረታ ስለቀረቡ ነው» አለኝ፤ ሊሆን ይችላል። አቶ ንጉሤ ሲሰናበተኝ ዓይኔን ማየት አልቻለም። ቤት ገብቼ በሬን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ዲግሪውን ያመጣሁበትን ፖስታ ሳልከፍተው ሰነበትኩ። ሰው «እንኳን ደስ ያለሽ» ሲለኝ «እንኳን አብሮ ደስ ያለን» እላለሁ፣ ውስጤ ያራል።

አዲሱን ሥራ አስኪያጅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። ከመጋዘኑ አጠገብ ያለችውን ክፍል እንዲሰጠኝ። እዚያ ውስጥ ባለበርበሬው፣ እኔና አባላቱ ራሳቸው የመረጡት አንድ ሽማግሌ እንሆናለን። ሽማግሌው የሚቀመጡት ማንም «በጓዳ በላች» እንዳይል ነው፤ በሩ የሚዘጋው ማንም በሰው ፊት እንዳይዋረድ ነው። ጋሽ ክብሩ በሕይወት ቢኖር ጆንያውን እኔው ላይ ይገለብጠው ነበር። እኔም በሩን በዘጋሁ ቁጥር ደስ አይለኝም ነበር፤ ሸራውን የምናፍቅባቸው ቀናት አሉ። ሥራ አስኪያጁ ግን ፈቀደ፤ የመጨረሻ የመኸር ወቅቴን እዚያች ክፍል ውስጥ ሠራሁ።

መጀመሪያ ጥቂቶች መጡ። እያደር ወረፋው እስከ አጥሩ ደረሰ። አንድ ቀን በሩ ተከፍቶ ዘምዘም ገባች። ልጇ ጆንያውን አስቀምጦላት ወጣ። እጄን እስከ ክርኔ ሰደድኩ። ላዩ ያማረ ነው። መሃሉ ሞቀኝ።

«ሁለተኛ ነው» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ምን?» ድምፅዋ ከፍ አለ። «ይሄ ሁለተኛ? ዓይንሽን ደከመሽ እንዴ? በዚህ ዓመት መስቃን ውስጥ እንዲህ ያለ በርበሬ ካየሽ አሳዪኝ! ለጡረታ ስትደርሺ ሥራውም ጠፋሽ!»

በሥራ ዘመኔ አንድም አባል እንዲህ ተቆጥቶኝ አያውቅም። ሸራው ላይ ማንም አይከራከረኝም ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። እኔም ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «እጅሽን አስገቢ!» አልኳት። «አላስገባም!» «አስገቢ እንጂ!» ሽማግሌው ወደ ጣሪያው እያዩ ጢማቸውን ይዳብሳሉ። በመጨረሻ እጇን ይዤ ከኔ እጅ ጋር ወደ ጆንያው መሃል ሰደድኩት። ቆየች። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«ሞቀሽ ወይስ ቀዘቀዘሽ?» አልኳት።

«ሞቀኝ» አለች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። «መሃሉ የምራቴ ነው። ሳይደርቅ አትክተቺ ብያት ነበር። ወላሂ፣ ብያት ነበር።»

ተንበርክከን ለሁለት ከፈልነው፤ የሷን ለብቻ፣ የምራቷን ለብቻ። የሷ አንደኛ ወጣ፤ እውነትም በዚያ ዓመት እንደሱ ያለ አላየሁም። የምራቷ ሁለተኛ። ሽማግሌው መሰከሩ፣ ተመዘነ፣ ሻርፗን አስተካክላ በሩን ከፈተች። ወረፋው ላይ የነበረ አንድ ሰው አንገቱን አስግጎ «ዘምዘም፣ ስንተኛ ወጣልሽ?» ሲላት ከውስጥ ሰማሁ።

«አንተን ምን አገባህ?» አለችው፣ ቀና ብላ አለፈች።